መኪና ሸጣችሁ ቅጣቱ እናንተ ዘንድ እንዳይመጣ

ባሕር ዳር ላይ መኪና መሸጥ አይከብድም። ደላላው ገዢ ያመጣል፣ በዋጋ ትስማማላችሁ፣ ብሩ በባንክ ይገባል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሊብሬው በስማችሁ እስካለ ድረስ መጀመሪያ የምትፈለጉት እናንተ ናችሁ።

ያልተከፈለ ቅጣት ካለ ቀድማችሁ ክፈሉ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት። የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ላይ በትክክል ገልብጡ። ባለትዳር ከሆናችሁ ባልም ሚስትም ይፈርሙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ስም ማዛወር። ደላላው "ውክልና ስጠው፣ ስሙን ቀስ ብሎ ያዞረዋል" ይላል። እባካችሁ አትስሙት። ውክልና የያዘው ሰው በእናንተ ስም ይሠራል እንጂ መኪናው የእሱ አይሆንም። የማውቃቸው አንድ አባት ፒክአፓቸውን እንዲህ ሸጡ። መኪናው ወረታ አካባቢ ሰው ገጨ። ገዢው ለሌላ፣ ያም ለሌላ ሸጦት ስለነበር ሾፌሩን የሚያውቅ ጠፋ። መጥሪያው የደረሰው ባሕር ዳር፣ እሳቸው ቤት ነው።

ሕጉም ከባድ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ። ተሰርቆብኝ ነበር ብሎ ያስረዳ ያመልጣል። ቁልፉን በእጁ የሰጠ ሰው ግን ይህን ማለት አይችልም። የትራፊክ ቅጣትም ቢሆን፣ ሾፌሩ እዚያው ከተያዘ በመንጃ ፈቃዱ ያልቃል። ሾፌሩ ሳይገኝ በሰሌዳ የተመዘገበ ጥፋት ግን ባለንብረቱን ፈልጎ ይመጣል።

ስለዚህ ከገዢው ጋር አብራችሁ ፋይሉ ወዳለበት የትራንስፖርት ቢሮ ሂዱ። ከዋጋው ጥቂቱ ሊብሬው ሲዞር እንዲከፈል በውሉ ላይ ጻፉ። ቁልፉም እስከዚያ እናንተ ጋ ይቆይ። ገዢው ካመነታ፣ ሻጩ ቢሞት ውክልናው ሊቋረጥበትና ከወራሾች ጋር ሊካሰስ እንደሚችል ንገሩት። ነገሩ የእሱም ጉዳይ ነው።

ቁልፉን ቀድማችሁ ለመስጠት ከተገደዳችሁ የርክክብ ወረቀት አዘጋጁ። ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የገዢውን መታወቂያና መንጃ ፈቃድ ቁጥር ያዙበት። ሰዓቱን ስትጽፉ ቀን ይሁን ማታ ለዩ፤ "3 ሰዓት" ብቻ ካላችሁ ነገ ያጨቃጭቃል። ይህ ወረቀት የተጎዳውን ሰው ክስ አያስቀርም። የከፈላችሁትን ከገዢው ለመጠየቅ ግን ጥሩ ማስረጃ ነው።

ውክልና ሰጥታችሁ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ገዢውን ፈልጉት። ውክልናውን መሻር ትችላላችሁ፤ ሽያጩን ግን አያፈርሰውም፣ ሊብሬውም ከስማችሁ አይወርድም። ስም እንዲያዞር በጽሑፍ ጠይቁት። እምቢ ካለ ውላችሁን ይዛችሁ ጠበቃ አማክሩ።

ስሙ ሲዞር ለኢንሹራንሳችሁ መኪናውን መሸጣችሁን በደብዳቤ አሳውቁ። የአዲሱን ሊብሬ ኮፒ ከውሉ ጋር አስቀምጡ።