ስልክ በማይጮህበት ቤት እግዚአብሔርን እንዴት እንጠብቅ?

ታናሽ ወንድሜ በጅቡቲ በኩል ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ ከወጣ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከጅቡቲ ወደብ ከኦቦክ ነው። «ነገ ባሕሩን እንሻገራለን፤ ለእማዬ እንዳትነግሪያት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። እኔ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፤ እናቴ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ናት። ልጅ የምትጠብቁ፣ ትዳር የምትጠብቁ፣ ከሕመም መዳን የምትጠብቁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁና እኔን ያቆመኝን ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት ለእግዚአብሔር እውነቱን ንገሩት። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት እየዋሸሁት ነው የጸለይኩት። «ተመስገን፣ ፈቃድህ ይሁን» እልና ከጸሎት ስነሳ ሰው ማየት ያስጠላኛል። የንስሐ አባቴ ነገሩ ገብቷቸው ነው መሰል «ልጄ፣ የሰኞውን ዳዊት ቀስ ብለሽ ድገሚው» አሉኝ። ዳዊት ለሰባቱ ቀን ተከፍሎ ሲደገም የሰኞው ከ1 እስከ 30 ነው። 12ኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ። በ66ቱ መጽሐፍ ቅዱስ 13ኛ ሆኖ ታገኙታላችሁ። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ይላል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስደግመው አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። እስከ መቼ፣ እስከ መቼ እያለ ይሞግታል። መጨረሻው ላይ በቸርነትህ ታመንኩ ይላል፤ ግን እዚያ የደረሰው ሐዘኑን ተናግሮ ነው። ያን ቀን እኔም ተናገርኩ። ቤቱ እስኪሰማ አለቀስኩ።

ለለቅሶው ግን ሰዓት ስጡት። ቀኑን ሙሉ ከተለቀቀ ሰው ይጨርሳል። እኔ ማታ አንድ ጧፍ አበራለሁ። ጧፉ ነድዶ እስኪያልቅ እጠይቃለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ እቆጣለሁም። ሲያልቅ ፊቴን ታጥቤ እተኛለሁ። ቀን ላይ ሐሳቡ ሲመጣብኝ «ማታ እነግረዋለሁ» እላለሁ። መጀመሪያ አካባቢ እንቢ ብሎኝ ነበር። ወር ያህል ፈጀብኝ።

እጃችሁንም ሥራ አታስፈቱት። ይህን የተማርኩት ከእናቴ ነው። መንዝ የበግ ጠጉር አገር ነው። ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ ይባዘታል፣ ከዚያ ይፈተላል። እናቴ ወንድሜ ከጠፋ ጀምሮ እንዝርቷን አላስቀመጠችም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ክሩ ይበጠሳል። ምንም አትልም። ሁለቱን ጫፍ በምራቋ አርጥባ በጣቶቿ ታሸውና እንዝርቷን መልሳ ታሾራለች። በአፏ «አቤቱ፣ አንተ ታውቃለህ» ትላለች። ይበጠሳል፣ ትቀጥላለች። እምነት ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ያሳየኝ የለም።

ስለት ላይ አንድ ነገር ልበል። ስለት መልካም ነው። እኔ ግን ጭንቀቱ ሲብስ የሰማሁት ደብር ሁሉ ተሳልኩ። ኋላ አንዱን ብረሳውስ፣ በእሱ ምክንያት ባይመለስስ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። እግዚአብሔርን እንደ አበዳሪ መፍራት ጀመርኩ ማለት ነው። አባም ይህን ሲሰሙ ለጻድቃኔ ማርያም የተሳልኳትን አንዲት ጃንጥላ ብቻ እንድይዝ ነገሩኝ። ከትከሻዬ ሸክም ወረደ።

መጠበቅ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። የኛ አገር የጓሳ ሳር እስኪደርስ እንዳይታጨድ ለዓመታት ይዘጋል፤ ተዘግቶም ጠባቂ አለው። የጠፋ ዘመድ ያላችሁ ቀይ መስቀል ጋ ሂዱ፤ የተጠፋፉ ቤተሰቦችን ያፈላልጋሉ፣ ክፍያ የለውም። የማታውቁት ሰው ደውሎ «አግኝቼዋለሁ፣ ብር ላኪ» ቢላችሁ የዘመዳችሁን ድምፅ ሳትሰሙ ሳንቲም አትላኩ። እኔ አንዴ ልኬ አልቅሻለሁ። እንቅልፍና ምግብ ከሳምንት በላይ እንቢ ካላችሁ ወይም መሞት መሞት ካሰኛችሁ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ተናገሩ፣ ጤና ጣቢያም ሂዱ። ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ነው።

የሚጠብቅ ሰው ቤት ስትሄዱ ደግሞ እባካችሁ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብላችሁ ወዲያው አትነሡ። ቡናው ሦስተኛው እስኪወርድ ቁጭ በሉ።

ባለፈው ሳምንት መሐል ሜዳ ነበርኩ። የእናቴ ፈትል ተሸምኖ ዝተት ሆኗል። አጥር ላይ ፀሐይ እያስመታችው ነበር። «ለእሱ ነው» አለችኝ። «በረሃ ስለከረመ የኛን ብርድ ረስቶታል።» ከዚያ የተባዘተ ጠጉር እጄ ላይ አድርጋ ጎኗ አስቀመጠችኝ።