ቡድኑ «ጨዋታ ይቀየር» ሲል፦ ምልክት፣ መንስኤ፣ መፍትሔ

የሚቀር ሰው፣ ስልክ መነካካት፣ ሳይዘጋጅ የሚመጣ አጫዋች (ታሪኩን የሚመራው ሰው)፤ እነዚህ ተስተካክለውም ቡድኑ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ሰለቸን» ካለ ከዚህ ጀምሩ። ዳንጀንስ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ፣ እያንዳንዱ የራሱን ገጸ ባሕሪ ይዞ፣ በዳይስ የሚጫወቱት የአስማትና የውጊያ ታሪክ ነው፤ ከታች የተጠሩትም የዚሁ ዓይነት ጨዋታዎች ናቸው። አዲስ የደንብ መጽሐፍ ለመግዛት አትቸኩሉ።

ምልክት፦ አንድ ውጊያ ምሽቱን ይጨርሳል።
መንስኤ፦ ብዙ ጊዜ የገጸ ባሕሪዎቹ ደረጃ ነው። ከ10ኛ ደረጃ በላይ ሁሉም ሰው በተራው የሚመርጠው አስማትና ችሎታ ይበዛል።
መፍትሔ፦ በ3ኛ ደረጃ አዲስ ገጸ ባሕሪ ይዛችሁ ሁለት ምሽት ሞክሩ። ካልተሻለ ቀይሩ። ፓዝፋይንደር ሁለተኛ እትምን እንደ መድኃኒት የሚያመጡ አሉ፤ በተራ ሦስት እርምጃ የሚለው አሠራሩ ግልጽ ነው፣ ደንቡም ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይነበባል። ግን ደንብ ለሰለቸው ሰው ተጨማሪ ደንብ አይታዘዝለትም።

ምልክት፦ የደከመው አጫዋቹ ብቻ ነው።
መፍትሔ፦ ፊያስኮ። አጫዋች አያስፈልገውም፣ ከ3 እስከ 5 ሰው ይበቃዋል፣ በአንድ ምሽት ያልቃል።

ምልክት፦ ደንብ የሚያነብ የለም።
መፍትሔ፦ ሌዘርስ ኤንድ ፊሊንግስ። ሙሉው አንድ ገጽ ነው፣ ነጻ ነው። ለረጅም ታሪክ አይሆንም።

ምልክት፦ ጨዋታው ተቀየረ፣ በሁለተኛው ምሽት ግን ያው የድሮው ሆነ።
ዋናው ብልሽት ይህ ነው፤ ከሌሎቹ ሁሉ አብልጦ ይመጣል። መንስኤው መጽሐፉ ሲቀየር ልማዱ አብሮ መሻገሩ ነው።

ኮል ኦቭ ክቱሉን ውሰዱ፤ ተራ ሰዎች አስፈሪ ምሥጢር የሚመረምሩበት ጨዋታ ነው። ከዳንጀንስ የመጣ ቡድን በር ሰብሮ ይገባና ይተኩሳል። በ7ኛው እትም የሕይወት ነጥብ የሰውነት ብርታትና ግዝፈት ተደምሮ ለ10 ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ለተራ ሰው 10 ወይም 12 ቢሆን ነው፣ በደረጃ የሚያድግበት መንገድም የለም። ባለ 12 ጌጅ ጠመንጃ በቅርብ ርቀት የሚያደርሰው ጉዳት የ4 ባለ ስድስት ጎን ዳይስ ድምር ነው፣ አማካዩ 14። በአንድ ተኩስ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ «ጨዋታው ጨካኝ ነው» ይባላል!

የአጫዋቹ ጥፋት ደግሞ ይብሳል፦ ታሪኩን የሚያስቀጥለውን ፍንጭ ከዳይስ ጀርባ ይደብቃል። የተሰወረ ነገር የማየት ችሎታ መነሻው 25 በመቶ ነው። በዚሁ መነሻ አራት ሰው ቢጥል፣ አራቱም የሚስቱበት ዕድል 32 በመቶ ገደማ ነው። ታሪኩ እዚያው ቆመ። አስፈላጊውን ፍንጭ ያለ ዳይስ ስጡ። ዳይሱ የሚወስነው ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ ማን እንዳያቸው ይሁን።

ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ በተባለው የዘራፊዎች ጨዋታ ላይ ልማዱ ሌላ መልክ ይይዛል፦ ሁለት ሰዓት ዕቅድ፣ ከዚያ መበተን። ደንቡ ይህንን አውቆ ከልክሎታል፣ ግን ገጹን የሚያነብ የለም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የዕቅዱን ዓይነት ምረጡ፤ የጎደለውን አንድ ዝርዝር ሙሉ (ሾልኮ መግባት ከሆነ በየት በኩል)፤ ሸክም (የምትይዙትን ዕቃ ብዛት) ምረጡ፣ ቀላል 3፣ መካከለኛ 5፣ ከባድ 6። ምን እንደያዛችሁ አሁን አትዘርዝሩ፤ ሲያስፈልግ ታስመዘግባላችሁ። ሥራው እንዴት እንደጀመረ የሚወስነው የመክፈቻ ዳይስ ይጣልና ትዕይንቱ ሥራው መሃል ይጀምራል። የረሳችሁትን ዝግጅት ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ታሳያላችሁ፣ ክፍያው ጭንቀት ነው፦ ለተራ ነገር 0፣ ለከበድ ያለ 1፣ ለማይመስል ነገር 2 ወይም በላይ። ጭንቀት በገጸ ባሕሪው ወረቀት ላይ 9 ሣጥን አለው። የሞላበት ከሥራው ይወጣል፣ ቋሚ የአእምሮ ጠባሳም ያተርፋል። አጫዋች ሆይ፣ ዕቅዱ 10 ደቂቃ ካለፈ አቋርጡና ዳይሱን አስጥሉ።

ተጠንቀቁ፦ የዳንጀንስን ደንብ ገጣጥሞ የጠፈርም የወንጀል ምርመራም ጨዋታ የሚያደርግ ሰው በየቡድኑ አይጠፋም። አትስሙት።

ስትመርጡ «ምን እንጫወት?» አትበሉ፤ መልሱ ትከሻ መነቅነቅ ነው። በቅርቡ ከተጫወታችሁት ውስጥ የትኛው ቅጽበት እንዳይቀርበት እንደሚፈልግ እያንዳንዱን ጠይቁ። ምርመራ ካሉ ክቱሉ፣ ዘረፋ ካሉ ብሌድስ። ክቱሉ ነጻ የመጀመሪያ ደንብ አለው፤ ዘ ሃውንቲንግ የተባለው ታሪክ እዚያው ውስጥ ነው፤ በእሱ ሞክሩ። ገጸ ባሕሪዎቹን አጫዋቹ ሠርቶ ይምጣ፤ ያለበለዚያ ምሽቱ ፎርም በመሙላት ያልቃል። የችሎታዎቹንም ስም አስቀድሞ በአማርኛ ይጻፍባቸው።