ከጡረታ በኋላ ልብ አንጠልጣይ ልብወለድ እንዴት ይጻፋል?

ጡረታ የወጣሁት በ60 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ጠዋት እየተነሳሁ ሸሚዝ ስተኩስ ከረምኩ። የት ልሄድ? የትም። ባለቤቴ ታዝባ ታዝባ "አንተ ሰውዬ፣ ወይ ሥራ ፈልግ ወይ ከወጥ ቤቴ ውጣልኝ" አለችኝ። መጻፍ የጀመርኩት ያን ሰሞን ነው። እንደኔ "እስቲ አንድ ነገር ብጽፍ" እያሉ ለሚያመነቱ የሄድኩበትን መንገድ ልንገርዎ።

መጀመሪያ ሽጉጡን ያስቀምጡ

የመጀመሪያው ረቂቄ በሽጉጥና በጥቁር መኪና የተሞላ ነበር። እኔ ሽጉጥ በእጄ ይዤ አላውቅም። ልጄ አምስት ገጽ አንብባ "አባዬ፣ ይሄንን እኮ ፊልም ላይ አይቼዋለሁ" አለችኝ። ቀደድኩት።

የማውቀው ንብረት ክፍልን ነው። 30 ዓመት ኦዲተር ነበርኩ። ዕቃ ሞዴል 19 በሚባል ቅጽ ይገባል፣ በሞዴል 22 ይወጣል። ሰው ወረቀት ላይ ሲዋሽ ገና ከእጅ ጽሑፉ ይሸተኛል። እርስዎም የሚሸትዎ ነገር አለ። ሹፌር ከነበሩ ነዳጁና የኪሎ ሜትር ቆጣሪው አልገጥም ሲሉ ያውቃሉ። መምህር ከነበሩ ሁለት ተማሪዎች አንድ ዓይነት ስህተት ሲሠሩ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይነግርዎትም። አጋታ ክሪስቲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ሠርታለች። መርዝን ያወቀችው እዚያ ነው፤ ልብወለዶቿ ውስጥም ብዙ ሰው በመርዝ ይሞታል።

ስለዚህ ደብተር ያውጡና በሥራ ዘመንዎ እርስዎ አይተው ሌላው ያላየውን ሦስት ስህተት ይጻፉ። ከሦስቱ አንዱ መጽሐፍ ይወጣዋል።

ቀጥሎ ከመጨረሻው ይነሱ

ማን ገደለ? ለምን? በምን ተያዘ? እነዚህን ሳይመልሱ ምዕራፍ 1ን አይጀምሩ። ኦዲትም እንዲሁ ነው፤ ከጎደለው ተነስቶ ወደ ኋላ መሄድ።

የኔን ላሳይዎ። የንብረት ክፍል ኃላፊው ሞቶ ተገኝቷል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሞዴል 22 አለ። ፊርማው አለ፣ ማኅተሙ አለ፣ ጥግ ላይ የሻይ ስኒ ክብ ምልክት አለ። ቀኑ ጳጉሜን 6፣ 2014 ይላል። ጳጉሜን 6 የምትሆነው ግን በአራት ዓመት አንዴ ነው። በ2011 ነበረች፣ በ2015 ነበረች። 2014 ያለቀው ጳጉሜን 5 ላይ ነው። ታዲያ በሌለ ቀን ማን ዕቃ አወጣ?

ይህን ወረቀት ለአንባቢ ያሳየሁት ምዕራፍ 2 ላይ ነው። ወሬው ሁሉ ስለ ሻዩ ስለሆነ ቀኑን ልብ የሚል የለም። መርማሪዬ የሚነቃው ምዕራፍ 19 ላይ ነው። አንባቢው ወደ ኋላ ገልጦ "ለካ እዚሁ ነበር!" ማለት አለበት። መጨረሻ ላይ ከኪስ የሚወጣ ማስረጃ ማጭበርበር ነው።

ሰዓታችንም ሌላ ሀብት ነው። ጥበቃው "ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ገባ" ይላል። ካሜራው 02:00 ይላል። የተስማሙ ይመስላል። ካሜራው ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ የእሱ 02:00 ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። በመሀል ስድስት ሰዓት አለ። በስድስት ሰዓት ብዙ ነገር ይሠራል።

ሕጉን ይወቁ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የጉዞ ጊዜ አይቆጠርም። ከዚያ ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ቀን ይጠይቃል። የጊዜ ቀጠሮ የሚባለው ይሄ ነው። ታሪክዎን የሚያስሮጠው ይሄው ሰዓት ነው፤ መርማሪው ያለማስረጃ ችሎት ፊት ሊቆም ነው። ሄደው ክፍት ችሎት ይከታተሉ። ጊዜ እንደሆነ ሞልቷል።

አጻጻፉ ላይ ብዙ አልልም። በቀን 300 ቃል ከጻፉ በ200 ቀን 60,000 ይሞላል። ጠዋት ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ እንግዳ አይጠፋም።

ረቂቁ ሲያልቅ ለሦስት ሰው ይስጡ። መሀል ላይ ሲደርሱ "ገዳዩ ማን ይመስልሃል?" ይበሏቸው። ሦስቱም በትክክል ካወቁ ፍንጩ በዝቷል። ገዳዩን የጠረጠረ ከሌለ ጥሩ፤ ማንነቱን እንኳ የማያስታውሱት ከሆነ ግን ሰውየውን ደብቀውታል ማለት ነው።

ለሕትመት ከሦስት ማተሚያ ቤት ፕሮፎርማ ይሰብስቡ። የአርታኢ ገንዘብ አይቆጥቡ። መጽሐፉን ለአከፋፋይ ሲያስረክቡ ደግሞ ያስፈርሙ። እኔ 30 ዓመት ሙሉ "ደረሰኝ አልተያዘም" እያልኩ ሪፖርት ስጽፍ ኖሬ፣ የገዛ መጽሐፌን 200 ቅጂ በቃል አስረከብኩ። ብሩ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም። አሁን ሁለተኛውን እየጻፍኩ ነው። ምዕራፍ 1 ላይ የሚሞተው አንድ መጽሐፍ አከፋፋይ ነው።