የለንደን ንግግር ከኮዬ ፈጬ፦ ስለ ብሪታንያ ታሪክና ሥነ ጽሑፍ የሚሰጡ የኦንላይን ንግግሮችን ለመከታተል

ለንደን ውስጥ ግሬሻም ኮሌጅ የሚባል ተቋም አለ። ተማሪ አይመዘግብም፣ ዲግሪ አይሰጥም። ከ1597 ጀምሮ ሥራው ለመጣ ሰው ሁሉ በነፃ ንግግር ማቅረብ ነው። ዛሬ ንግግሮቹ በኢንተርኔት ይተላለፋሉ፣ ቅጂያቸውም ይቀመጣል። የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት፣ ኪው ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ ሙዚየሞቹና ዩኒቨርሲቲዎቹም የየራሳቸው ፕሮግራም አላቸው። ስለዚህ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ጀሞ ለሚኖር ሰው ችግሩ የሚሰማው ነገር ማጣት አይደለም። የሚያስቸግሩት ሰዓቱ፣ ዳታው፣ መብራቱና የስሞቹ አነባበብ ናቸው። (እዚህ የተጻፉት ዓመቶች «በእኛ» ካልተባለ በቀር የፈረንጆቹ ናቸው።)

ሰዓቱ

ንግግር የሚያመልጠን አብዛኛውን ጊዜ በስሌት ነው። አዲስ አበባ ከለንደን ትቀድማለች፤ የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ሰዓት ይለያል። ሁለቱን ለየብቻ ከማስላት አንዴ መቀነስ ይቀላል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ከለንደኑ ሰዓት 3 ቀንሱ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጥቅምት ድረስ 4 ቀንሱ። የሚቀረው በእኛ አቆጣጠር ትክክለኛው ሰዓት ነው። እዚያ ምሽት 6 ሰዓት የተባለ ንግግር በጥር እዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ በሰኔ ግን 2 ሰዓት ላይ። የምሳ ሰዓት ንግግር ከሆነ፣ ቀትር ላይ 1 ሰዓት የሚለውን 13 ብላችሁ ቀንሱ፤ ከሰዓት በኋላ 10 ወይም 9 ይመጣል።

«የበጋ ሰዓት» የሚለውን ስም አትመኑት። የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት ነውና፣ ወሩን ብቻ ተመልከቱ። ሰዓታቸውን የሚቀይሩት በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች ነው፤ በእኛ የመጀመሪያው ከመጋቢት 16 እስከ 22፣ ሁለተኛው ከጥቅምት 14 እስከ 21 ባሉት ቀናት ውስጥ ይውላል። ተከታታይ ንግግር የሚሰማ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጥቅምት ላይ ከሆነ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ገብታችሁ ባዶ ስክሪን ታያላችሁ። መጋቢት ላይ ግን እንደለመዳችሁት 3 ሰዓት ብላችሁ ስትገቡ ሰዎቹ ተሰነባብተዋል።

ስልካችሁን በሐበሻ ሰዓት ለማስነበብ በእጅ 6 ሰዓት ወደኋላ መልሳችሁት ከሆነ መልሱት። ስልኩ ጊዜውን የሚያውቀው ከሰዓት ቀጠናው ጋር አያይዞ ስለሆነ፣ ካሌንደር ላይ ያስገባችሁት የምሽት 3 ሰዓት ማስታወሻ የሚጮኸው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ጊዜውን አውቶማቲክ አድርጉና የሐበሻ ሰዓት የሚያሳይ መተግበሪያ ለብቻው ጫኑ። ቀኑንም አረጋግጡ፦ የብሪታንያ ተቋም 05/03 ብሎ ከጻፈ ማርች 5 ነው፤ የአሜሪካ ተቋም ያንኑ ሲጽፍ ሜይ 3 ማለቱ ነው።

በቀጥታ ወይስ በቅጂ?

የእኛ ምክር አጭር ነው፦ ቅጂ የሚቀመጥለትን ንግግር በቀጥታ ለመስማት አትድከሙ። በቀጥታ መግባት የሚያዋጣው የምትጠይቁት ጥያቄ ሲኖራችሁ፣ ወይም አዘጋጆቹ ቅጂ እንደማይኖር ሲናገሩ ብቻ ነው። በቅጂ የምትሰሙት ንግግር ይቆማል፣ ወደኋላ ይመለሳል፣ ፍጥነቱ በሩብ ይቀንሳል፤ መብራት ሲጠፋም ይጠብቃችኋል። የንግግሩ ጽሑፍ አብሮ ከተለጠፈ ደግሞ (ግሬሻም ብዙ ጊዜ ይለጥፋል) መጀመሪያ ጽሑፉን አንብቡ፤ ከዚያ ስሙ። ማንበብ መስማቱን ያበላሻል የሚሉ አሉ። በሁለተኛ ቋንቋ ለሚሰማ ሰው ግን አይሠራም።

ክፍያም አለ። አንዳንዱ ተቋም «የቻላችሁትን ክፈሉ» ይላል፤ ዜሮ የሚቀበል ከሆነ ያለ ሐፍረት ዜሮ ሙሉ። ተራ የብር ካርድ ለውጭ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ስለዚህ ዋጋ የተቆረጠለትን ንግግር ከመመኘት በፊት ነፃዎቹን ጨርሱ፤ የዓመት ሥራ ይሆናችኋል።

ዳታና መብራት

ድምፅ ብቻ ከሆነ ሒሳቡ ግልጽ ነው፦ በሴኮንድ 64 ኪሎቢት የሚወስድ የድምፅ ፋይል ለአንድ ሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ 128 ከሆነ 58። ቪዲዮ ግን በመቶዎች ይቆጠራል፤ ጥራቱ ከፍ ካለ ከአንድ ጊጋባይት ያልፋል። ምን ያህል እንደሚወስድባችሁ ለማወቅ የስልኩን የዳታ ቆጣሪ አይታችሁ 10 ደቂቃ ስሙ፤ ልዩነቱን በ6 አባዙት። የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ንግግር አብዛኛው ጆሮ ብቻ ይበቃዋል። የሥዕል፣ የሕንፃና የብራና ንግግር ግን ያለ ምስል ከንቱ ነው፤ ለእሱ ዳታችሁን ቆጥቡ። ዩቲዩብ ላይ ጥራቱን ወደ 144 ወይም 240 ዝቅ አድርጉ፤ ካርታ ወይም ሥዕል ሲመጣ ብቻ ከፍ አድርጋችሁ መልሱት።

በዙም ለሚሰጥ ንግግር ከተመዘገባችሁ መተግበሪያውን በቀኑ ጠዋት አድሱት። ልትገቡ ስትሉ «አዲሱን ቅጂ ጫኑ» ካለ፣ ያ ምሽት በመጫን ያልቃል። መግቢያው ሊንክ በኢሜይል ሲላክ ብዙ ጊዜ የማስታወቂያና የማይፈለጉ መልእክቶች ክፍል ውስጥ ይገባል፤ እዚያም ፈልጉት። ሊንኩ በስማችሁ የተሰጠ ስለሆነ ለጎረቤት አትላኩ። ሁለት ሰው በአንድ ሊንክ ሲገባ አንዱ ሊባረር ይችላል።

መብራት ሲጠፋ ቀድሞ የሚሞተው ራውተሩ ነው፤ መስመሩ ደህና ሆኖ እንኳ ዋይፋይ ይጠፋል። ራውተሩን የሚያቆይ ትንሽ ባትሪ ይሸጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ራውተሩ ጀርባ ላይ 9 ቮልት ወይም 12 ቮልት የሚለውን አንብቡና ከባትሪው መውጫ ጋር አስተያዩ። 9 የሚፈልገውን ራውተር በ12 ብትሰኩት ሊቃጠል ይችላል። ተራ ፓወር ባንክ የሚሰጠው 5 ቮልት ስለሆነ ለስልክ እንጂ ለእንዲህ ያለ ራውተር አይበቃም። ሁለተኛው መንገድ የስልክ ዳታ ነው፤ ነገር ግን መብራት በጠፋበት ምሽት ሰፈሩ ሁሉ ወደ ስልክ ዳታ ስለሚዞር ኔትወርኩ ይጨናነቃል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ ከመሃለኛው ክፍል ውጡና ወደ መስኮቱ ወይም ወደ በረንዳው ቅረቡ፤ ብሎኬቱና ብረቱ ሲግናል ይበላል። አንድ ላይ የሚሰሙ ጎረቤቶች ካሉ ኮሚናሉን ጠይቁ፤ አንድ ስፒከርና አንድ ስልክ ይበቃል፣ የዳታውም ወጪ ይካፈላል።

ስሞቹ

እንግሊዝኛ አውቃለሁ ያለው ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ነው። ተናጋሪው «ዉስተር» ሲል እናንተ በፊደሉ «ወርሴስተር» ብላችሁ የምታውቁትን ከተማ ማለቱ ነው። «ሌስተር» እና «ግሎስተር»ም እንዲሁ መሐላቸው ተውጧል። ወንዙ «ቴምዝ» ነው፣ «ታሜስ» አይደለም፤ «ግሪንዊች» ብለን የለመድነው «ግሬኒች»፣ «ኤዲንበርግ» ያልነው «ኤዲንብራ»። ከ1660 እስከ 1669 የለንደንን ወረርሽኝና ቃጠሎ ጭምር በማስታወሻ ደብተሩ የመዘገበው ሰው በጽሑፍ «ፔፒስ» ይመስላል፤ ሲጠራ «ፒፕስ» ነው። ይህን ያላወቀ ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስለዋል። በስክሪኑ ግርጌ በራሱ የሚጻፈውን ጽሑፍ ክፈቱት፤ ለተራው ቃል ይረዳል። የሰውና የቦታ ስም ግን እሱም ያሳስታል፤ ስለዚህ የርዕሱን ዋና ዋና ስሞች ቀድማችሁ ከማስታወቂያው ላይ ገልብጡ።

የሥርወ መንግሥቱን ዘመን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ፦ ቱዶሮች ከ1485 እስከ 1603፣ ስቱዋርቶች እስከ 1714፣ ጆርጆቹ ከዚያ በኋላ፣ ቪክቶሪያ ከ1837 እስከ 1901። ተናጋሪዎች «የቱዶር ቤት» ወይም «የጆርጅ ዘመን ወንበር» ብለው ያልፋሉ እንጂ ዓመት አይጠሩም። «18ኛው ክፍለ ዘመን» ሲሉ በ1700ዎቹ ያለውን ማለታቸው ነው። «እንግሊዝ» የሚለውን የእኛን ቃልም እያሰባችሁ ተርጉሙ። እኛ ለሁሉም አንድ ስም ሰጥተናል፤ እነሱ ግን ስኮትላንድን ከእንግሊዝ ጋር ያዋሐደው ሕግ ከወጣበት ከ1707 በፊት «ብሪታንያ» የምትባል አንድ መንግሥት እንዳልነበረች ያውቃሉ። ስኮትላንዳዊ ተናጋሪን «እናንተ እንግሊዞች» ብሎ መጠየቅ መልሱን ያቀዘቅዘዋል።

ለእኛ ሰው ቶሎ የሚገባው ነገርም አለ፤ እነሱም የዘመን አቆጣጠር ችግር ነበረባቸው። እስከ 1752 ድረስ በእንግሊዝ ሕጋዊው አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 2 አልፎ በማግሥቱ 14 ተባለ። ቀዳማዊ ቻርልስ ጃንዋሪ 30 ቀን 1649 ተሰየፈ እንላለን፤ በዘመኑ ወረቀት ላይ ግን 1648 ተብሎ ታገኙታላችሁ። ሁለት ተናጋሪዎች የተለያየ ዓመት ከጠሩ አንዱ ተሳስቷል ብላችሁ አትፍረዱ።

ከየት መጀመር?

በማታውቁት ንጉሥ አትጀምሩ። የእኛን ታሪክ የሚነካውን ንግግር ያዙ፤ ግማሹን ስለምታውቁት እንግሊዝኛው ይቀላችኋል። ጎንደርን በ1770 ያየው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ፣ ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ስለ አቢሲኒያ ልዑል ያሳተመው «ራሰላስ»፣ የ1868ቱ የመቅደላ ዘመቻ (በእኛ 1860)፣ በለጋ ዕድሜው በ1879 ሞቶ ዊንድሰር የተቀበረው ልዑል ዓለማየሁ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በስደት የኖሩባት የባዝ ከተማ፣ ለሴቶች የመምረጥ መብት ታግላ በኋላ ለኢትዮጵያ የቆመችውና በ1960 አርፋ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረችው ሲልቪያ ፓንክረስት፤ ሁሉም ጥሩ መግቢያ ናቸው። ስትፈልጉ ግን በእኛ አጠራር ብቻ አትፈልጉ። በድሮው የእንግሊዞች መዝገብ መቅደላ «ማግዳላ»፣ ቴዎድሮስ «ቴዎዶር»፣ ኢትዮጵያ «አቢሲኒያ» ናቸው። በእኛም በእነሱም አጻጻፍ ካልፈለጋችሁ የሚመጣላችሁ ጥቂት ነው። በሥነ ጽሑፍ በኩል ደግሞ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሳቸውን «ኦቴሎ»ን ወይም «ሐምሌት»ን አንብቦ ስለ ሼክስፒር ንግግር መግባት ከማንኛውም መዝገበ ቃላት ይበልጣል።

ጥያቄው

አብዛኛው ንግግር አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ጥያቄ የሚመለሰው መጨረሻ ላይ ነው። የተሰለፈውን ጥያቄ የሚመርጠው አወያዩ ስለሆነ እስከ መጨረሻ አትጠብቁ፤ ንግግሩ ግማሽ ላይ ሲደርስ ጻፉ። የምትጽፉት ለጥያቄ በተለየው ሳጥን ውስጥ ይሁን። በቻቱ ውስጥ የተጻፈ ጥያቄ በ«መልካም ምሽት» እና በ«ድምፅ አይሰማም» መካከል ይጠፋል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ አወያዩ ጮክ ብሎ የሚያነበው ነውና። አስተያየትና ወቀሳ የታጨቀበት አንቀጽ አይነበብም፣ ቁጭቱ እውነት ቢሆንም። ለምሳሌ የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ስላሉት 350 ገደማ የመቅደላ ብራናዎች ንግግር ከሆነ፣ «መቼ ትመልሳላችሁ?» የሚለውን አወያዩ ሊዘለው ይችላል፤ ተናጋሪውም ውሳኔው የእኔ አይደለም ብሎ ያልፋል። «ከእነዚህ ብራናዎች መካከል የመጡበት ቤተ ክርስቲያን የታወቀው የትኞቹ ናቸው? ምስላቸውስ ኢትዮጵያ ላሉ አንባቢዎች በነፃ ተከፍቷል?» ብትሉ ግን ተናጋሪው የሚመልሰው ነገር ያገኛል፤ እናንተም በማግሥቱ የምትከፍቱት ሊንክ ይዛችሁ ትወጣላችሁ።