የቆዩ አስፈሪና ሳይንሳዊ ልብ ወለዶችን ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፍራንከንስታይንን ያወቅሁት እንደ ብዙዎቻችን ከመጽሐፉ በፊት በፊልም ነው፤ ግንባሩ ጠፍጣፋ፣ አንገቱ ግራና ቀኝ ብሎን የመሰለ ብረት የወጣበት፣ እየተንገዳገደ የሚራመድና ከማጉረምረም በቀር ቃል የማይወጣው ግዙፍ ፍጡር። ከዓመታት በኋላ መጽሐፉን ስከፍት የተቀበለኝ ግን ወደ ሰሜን ዋልታ ሊጓዝ የተነሣ አንድ እንግሊዛዊ ለእኅቱ የጻፈው ደብዳቤ ነበር፤ ጥቂት ገጾች አንብቤ ጭራቁ አልመጣ ሲለኝ መጽሐፉን ከድኜ አስቀመጥሁት። እንዲህ ባሉ ልብ ወለዶች ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ የሚመነጩ ይመስለኛል፤ ታሪኩን እናውቀዋለን ብለን እንጀምርና መጽሐፉ የሚለውን ትተን የምናውቀውን ፍለጋ እንገባለን። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ስህተት ፊልሙ ያሳየንን ከመጽሐፉ መጠበቅ ነው። ያ የምናውቀው መልክ ቦሪስ ካርሎፍ የተጫወተበት የ1931 ፊልም ውጤት ሲሆን፣ ሜሪ ሼሊ በ1818 ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ መብረቅ የሚስብ ግንብም ሆነ ጎባጣ ረዳት የለም። ያለው በኢንጎልሽታት ከተማ የሚማር ቪክቶር ፍራንከንስታይን የሚባል የጄኔቫ ተማሪ ብቻ ነው፤ ሥራውንም ያከናወነው ከሚኖርበት ቤት ላይኛው ክፍል ውስጥ፣ በኅዳር ሌሊት፣ ብቻውን ነው። ሕይወት የዘራበትን ዘዴ ቪክቶር ሆን ብሎ ስለሚደብቅ ማሽኑን የሚፈልግ አንባቢ ባዶ እጁን ይመለሳል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ፍጡሩን ዲዳ አድርጎ መጠበቅ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ በግድግዳ ቀዳዳ አጮልቆ የአንድ ቤተሰብ ጭውውት እያዳመጠ ቋንቋ ይማራል፣ የሚልተንን «የጠፋው ገነት» እና የፕሉታርክን የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ያነባል፣ በመጨረሻም ፈጣሪውን ፊት ለፊት ይከስሰዋል። ፊልሙ አንደበቱን ሲነሣው ክሱንም አብሮ ነሥቶታል።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው የስም ስህተት ነው። ፍራንከንስታይን የሠሪው ስም እንጂ የተሠራው ስም አይደለም፤ ይህን ማረም የአዋቂ ነኝ ባይ ጭቅጭቅ ሊመስል ይችላል፣ ነገር ግን ፍጡሩ ስም የለሽ የሆነው ቪክቶር ዓይኑን ሲገልጥ ባየው ጊዜ ጥሎት ስለሸሸ ነው። በቋንቋችን ፈጣሪና ፍጡር ከአንድ ሥር የሚመዘዙ ቃላት በመሆናቸው፣ ሁለቱን ማደበላለቅ ምን እንደሚያሳጣ ለአማርኛ አንባቢ ግልጽ ሊሆን ይገባል።

እኔን ለብዙ ጊዜ ያሳሳተኝ ግን ተራኪውን ችላ ማለት ነው። ያ የሰለቸኝ ደብዳቤ ለካስ የታሪኩ ቁልፍ ነበር። ፍጡሩ ለቪክቶር ይናገራል፣ ቪክቶር ለመርከበኛው ለዋልተን ይተርካል፣ ዋልተን ደግሞ ለእኅቱ ይጽፋል፤ ስለዚህ የፍጡሩ ንግግር ወደ እኛ የሚደርሰው በሁለት ሰዎች በኩል ተላልፎ ነው። ቪክቶር የዋልተንን ማስታወሻ ተቀብሎ በብዙ ቦታ በገዛ እጁ እንዳረመውና እንደጨመረበት መጽሐፉ ራሱ ይነግረናል፤ ፍጡሩ አንደበተ ርቱዕ ነውና እንዳታምነው ብሎም ዋልተንን ያስጠነቅቀዋል። ከሳሽም፣ ምስክርም፣ መዝገቡን የሚያርመውም አንድ ሰው በሆነበት ጉዳይ ማንን እናምናለን? መግቢያውን ዘሎ ያነበበ ሰው ይህን ጥያቄ አያገኘውም።

የኋላውን ደንብ ወደ ቀድሞው መጽሐፍ ይዞ መግባትም የተለመደ ነው። ብራም ስቶከር በ1897 ያሳተመው ድራኩላ ቀን በለንደን ጎዳና ይታያል፤ ኃይሉ ይቀንስ እንጂ ፀሐይ አትገድለውም። የፀሐይ ብርሃን ደም መጣጩን የገደለው በ1922ቱ የጀርመን ፊልም በኖስፌራቱ ነው። ልቡ ላይ እንጨት ሲተከልበት ለማየት የሚጠብቅ አንባቢም ድራኩላን የጨረሱት ሁለት ቢላዎች መሆናቸውን ሲያይ ይደነግጣል።

ምሥጢሩ ታውቋል ብሎ መተውስ? ስቲቨንሰን በ1886 ያሳተመውን የዶክተር ጄኪልንና የሚስተር ሃይድን ታሪክ ዛሬ የሚያነብ ሁሉ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ያውቃል፤ የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ግን ይህን ያወቁት ወደ መጨረሻው ሲደርሱ ነበር። መፍትሔው ጠበቃውን አተርሰንን መከተል ነው። እርሱ የሚጠረጥረው የተከበረው ወዳጁ በአሮጌ ነውር ተይዞ በማስፈራሪያ ገንዘብ እየተነጠቀ እንደሆነ ነው፤ ጨዋ ሰው ስለ ጨዋ ሰው የሚገምተውንና አፉን ሞልቶ የማይናገረውን እያዩ ማንበብ ምሥጢሩን ካለማወቅ የበለጠ ያስፈራል ባይ ነኝ።

ሳይንሳዊ ልብ ወለድን እንደ ትንቢት መመዘን ሌላው ስህተት ነው። ኤች ጂ ዌልስ ከማርስ የመጡ ወራሪዎች እንግሊዝን ሲያወድሙ የሚተርከውን «የዓለማት ጦርነት» በመጽሔት ማውጣት የጀመረው በ1897፣ ማለትም ከዓድዋ ድል በዓመቱ ነበር። ማርስ ላይ እንዲህ ያለ ፍጡር አለመኖሩን ጠቅሶ መጽሐፉን ማጣጣል ቀላል ነው፤ ዌልስ ግን ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ አንባቢው በማርሳውያን ከመፍረዱ በፊት አውሮፓውያን በአውስትራሊያ አጠገብ ባለችው በታዝማኒያ ደሴት ሕዝብ ላይ ያካሄዱትን የማጥፋት ጦርነት እንዲያስታውስ ይጠይቃል። (ሕዝቡ ፈጽሞ ጠፍቷል ማለቱ ስህተት ነው፤ ዘራቸው ዛሬም አለ።) ኃያሉ መንግሥት ተወራሪ ሲሆን ምን ይመስላል የሚለው የመጽሐፉ ጥያቄ ነው፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎችም ባዕድ ጥያቄ አይደለም።

የጁል ቬርን «ሃያ ሺህ ሊግ ከባሕር በታች» የሚለው ርእስ ጥልቀትን እንደማይናገር ባጭሩ ልጥቀስ። ሊግ የቆየ የርቀት መለኪያ ነው፤ አንዱ ሊግ 4 ኪሎ ሜትር ቢሆን 80,000 ኪሎ ሜትር ይመጣል፣ የምድር ውፍረት ደግሞ 13,000 እንኳ አይሞላም፤ ርእሱ የሚለካው መርከቡ ከውኃ በታች ሆኖ የተጓዘውን ርቀት ነው።

በመጨረሻም የትኛውን ኅትመት እንደያዙ ሳያረጋግጡ መጀመር አይገባም። የቬርን መጽሐፍ የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ትርጉም ሩብ ያህሉን ቆርጦ የጣለ ነበር፤ ለተማሪዎች ተብለው ያጠሩ ቅጂዎችም በየመጻሕፍት መደብሩ ከሙሉዎቹ ጋር ተደባልቀው ይሸጣሉ። ፍራንከንስታይንም ሁለት መልክ አለው፤ ሼሊ በ1831 ባወጣችው እትም ብዙ ነገር ቀይራለች። የቪክቶር እጮኛ ኤልሳቤጥ የአክስቱ ልጅ ከሆነች በእጅዎ ያለው የ1818ቱ ነው፤ ቤተሰቡ ያሳደጋት ባዕድ ሕፃን ከሆነች ግን የ1831ዱ ነው።