ጥያቄዎን ሳይቀበል ዋጋ የሚጨምር አከራይ ሲያጋጥምዎ

በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ወደሚካሄድበት የአሜሪካ ከተማ ለመሄድ በኤርቢኤንቢ (ሰዎች ቤታቸውን ለአጭር ጊዜ በሚያከራዩበት ድረ ገጽ) ቤት ሲፈልጉ ይህ ሊገጥምዎ ይችላል፦ ቤቱን ለመያዝ ጥያቄ ይልካሉ፣ አከራዩ አይቀበልም፣ ከሰዓታት በኋላ ያው ቤት ለዚያው ቀን በተወደደ ዋጋ ይወጣል።

አከራዩ ጥያቄዎን አንዴ ከተቀበለ፣ ያለ እርስዎ ፈቃድ ዋጋ መጨመር አይችልም። ተቀብሎ ቢሰርዝ ደግሞ ይቀጣል፦ ለመግቢያው ቀን ከ30 ቀን በላይ ሲቀር የኪራዩን 10 በመቶ፣ ከ30 ቀን እስከ 48 ሰዓት ሲቀር 25 በመቶ፣ ከዚያ ካነሰ 50 በመቶ፤ ቅጣቱም በተለምዶ ከ50 ዶላር አያንስም። ጥያቄን አለመቀበል ግን ቅጣት የለውም። ከተማው ውስጥ ምን እንዳለ ዘግይቶ የሰማ አከራይ የሚሾልከው በዚህ በኩል ነው።

ስለዚህ ማጣሪያው ላይ «ኢንስታንት ቡክ» የሚለውን ያብሩ፤ የአከራዩን መልስ ሳይጠብቁ ቤቱ ይያዝልዎታል። ጥያቄ መላክ ግድ ከሆነ አስቀድመው ስክሪንሾት ያንሱ፤ ቀኑ፣ የሰው ብዛቱ፣ የጽዳት ክፍያውና ታክሱ ከነጠቅላላ ድምሩ ይታይ። የአዳሩን ዋጋ ብቻ ካነሱ፣ ኋላ ላይ ማወዳደር አይቻልም። መልእክቱ ላይ ስንት እንደሆናችሁና ድግስ እንደሌለ ይጻፉ፤ ብዙ አከራይ የሚፈራው ጭፈራ ነው። ለምን እንደምትመጡ መዘርዘር ግን ግዴታ አይደለም፣ ባይዘረዘርም ይሻላል።

አከራዩ ለመመለስ 24 ሰዓት አለው። ካልተቀበለ፣ ከአካውንትዎ ወጥተው ያንኑ ቀንና የሰው ብዛት ያስገቡና ሁለተኛ ስክሪንሾት ያንሱ። የሰፈሩ ቤት ሁሉ ጨምሮ ከሆነ ገበያው ነው፤ ዋጋውን ለአውቶማቲክ ሲስተም የተወ አከራይም ብዙ ነው። ያ ቤት ብቻ ከዘለለ፣ የመጀመሪያውን ድምር ጠቅሰው «በዚህ ዋጋ ልዩ ቅናሽ ይልኩልኛል?» ብለው በጨዋ ቃል ይጠይቁ። «በዜል (በአሜሪካ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ መላኪያ) ክፈለኝና እንስማማ» ካለ ግን ይተዉት፤ ከመድረኩ ውጭ ለተከፈለ ገንዘብ ኤርቢኤንቢ ዋስ አይሆንም።

ዋጋ መጨመር በራሱ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋት አይደለም። «ቀኑ ተይዟል» ብሎ ከልክሎ ያንኑ ቀን ለሌላ ከከፈተ፣ ወይም በስምዎና በዘርዎ የተነሳ መስሎ ከታየዎት፣ ሁለቱን ስክሪንሾት ይዘው ለኤርቢኤንቢ ያመልክቱ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲኖር ደግሞ ከ10 በመቶ በላይ መጨመር በጥቅሉ በሕግ የተከለከለ ነው።

በዴቢት ካርድ ከጠየቁ ይጠንቀቁ፤ ጥያቄው ሲላክ ከሂሳብዎ የተያዘው ገንዘብ እስኪለቀቅ ባንኩ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል፣ ሁለተኛው ጥያቄ በሂሳብ ማነስ ሊወድቅ ይችላል።