የእንግሊዝኛ ሞዳል ግሶችን ከተውሳከ ግስና ከፓሲቭ ጋር ማቀናጀት

በእንግሊዝኛ ሪፖርት፣ ደብዳቤ ወይም የምርምር ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው ሞዳል ግስ (ግዴታን፣ ዕድልን፣ ፈቃድን ወይም ችሎታን የሚገልጽ ረዳት ግስ)፣ ተውሳከ ግስና ፓሲቭ (ድርጊቱ የተፈጸመበት ነገር ባለቤት የሚሆንበት አገላለጽ) በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሳይገናኙበት አንድ ገጽ መጨረስ ይቸግረዋል። ሦስቱን ለየብቻ አሳምሮ ያጠና ተማሪ እንኳ አንድ ላይ ሲመጡበት የቱ እንደሚቀድም ይጠራጠራል። ቃላቱን በትክክል መርጦ ቦታቸውን ሲያዛባ ዓረፍተ ነገሩ አንዳንድ ጊዜ ጆሮ ይቆረቁራል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሰዋስዉ ሳይፋለስ ጸሐፊው ያላሰበውን ትርጉም ይዞ ይገኛል። ይህ ሁለተኛው የባሰ ነው፤ አንባቢው ስሕተቱን ሳያይ የተሳሳተውን መልእክት ተቀብሎ ያልፋልና።

ዋነኞቹ ሞዳል ግሶች 9 ናቸው፤ እነርሱም «ካን»፣ «ኩድ»፣ «ሜይ»፣ «ማይት»፣ «መስት»፣ «ሻል»፣ «ሹድ»፣ «ዊል» እና «ዉድ» ናቸው። ባለቤቱ ሦስተኛ መደብ ነጠላ ቢሆንም «ኤስ» አይጨመርባቸውም፤ ከኋላቸው የሚመጣው ግስም «ቱ» ሳይቀድመው በመሠረታዊ ቅርጹ ይቀመጣል። ይህ ጠባይ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ አብዛኞቹ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ያለፈ ጊዜ ቅርጽ ይዘው የአሁን ጊዜ ትርጉም ይሰጡ ከነበሩ ግሶች የወረዱ ስለሆኑ፣ የአሁን ጊዜ ምልክት የሆነው ቅጥያ ድሮም አልነበራቸውም። በመደበኛው እንግሊዝኛ ሁለት ሞዳሎች አይደራረቡም፤ «ዊል ካን» የሚል ሐረግ ስለሌለ በምትኩ «ዊል ቢ ኤብል ቱ» ይባላል።

ተውሳከ ግሱን የት እንደምናስቀምጥ ከማሰባችን በፊት የፓሲቩ አጥንት ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። «ዊ መስት ቼክ ዘ ሪፖርት» የሚለውን እንውሰድ። ተሳቢው «ዘ ሪፖርት» ወደ ባለቤትነት ይመጣል፤ «መስት» ሳይለወጥ ይከተለዋል፤ ከዚያ «ቢ» ይገባል፤ በመጨረሻም ግሱ በፓስት ፓርቲሲፕል ቅርጹ (እንደ «ሪትን» እና «ደን» ባለው የግሱ ሦስተኛ ቅርጽ) ይቀመጥና «ዘ ሪፖርት መስት ቢ ቼክድ» ይሆናል። እዚህ ላይ «ቢ» ወደ «ኢዝ»፣ «አር» ወይም «ዎዝ» የሚለወጥበት አጋጣሚ የለም፤ «መስት ኢዝ ቼክድ» ስሕተት ነው፤ «ቢ»ን ጨርሶ ዘንግቶ «መስት ቼክድ» ማለትም እንዲሁ። ስላለፈ ነገር ስንናገር በ«ቢ» ፋንታ «ሃቭ ቢን» እንጠቀማለን፤ «ሃቭ»ም ባለቤቱ ነጠላ ስለሆነ ብቻ «ሃዝ» አይሆንም። «ዘ ሪፖርት ሹድ ሃቭ ቢን ቼክድ» ስንል መመርመር ይገባው ነበር፣ ነገር ግን አልተመረመረም ማለታችን ነው። «መስት ሃቭ ቢን ቼክድ» ግን ያለፈ ግዴታን አይገልጽም፤ ከምልክቶቹ ተነሥተን ሳይመረመር እንዳልቀረ መገመታችንን ነው የሚናገረው። ያለፈ ግዴታን ለመግለጽ «ሃድ ቱ ቢ ቼክድ» ይባላል። ብዙ ጸሐፊዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ።

አማርኛ ተናጋሪን በተለይ የሚያሳስት ሌላም ነገር አለ። እኛ «ተ»ን ሌላ አካል ድርጊቱን ለፈጸመበት ነገርም፣ በራሱ ለሆነ ነገርም እንጠቀምበታለን፤ «ተጻፈ» እንደምንል ሁሉ «ተከሰተ» እና «ተሰወረ» እንላለን። በእንግሊዝኛ ግን «ሃፕን»፣ «ኦከር» እና «ዲሳፒር» ተሳቢ የማይወስዱ ግሶች በመሆናቸው ወደ ፓሲቭ አይለወጡም። ስለዚህ «አን ኤረር ሜይ ቢ ሃፕንድ» የሚለው ስሕተት ነው፤ ትክክሉ «አን ኤረር ሜይ ሃፕን» ነው። አንድ ግስ ፓሲቭ መሆን መቻሉን ለማወቅ «ማንን?» ወይም «ምንን?» ብሎ መጠየቅና መልስ ማግኘቱን ማየት ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በሞዳል ፓሲቭ ውስጥ ተውሳከ ግስ የሚቀመጥባቸው ሁለት ዋና ቦታዎች አሉ፤ አንደኛው ከሞዳሉ ቀጥሎ፣ ሁለተኛው ከፓስት ፓርቲሲፕሉ በፊት ነው። ተውሳከ ግሱ ከሞዳሉ አጠገብ ሲቀመጥ ስለ ግዴታው፣ ስለ ዕድሉ ወይም ስለ ፈቃዱ የጸሐፊውን አስተያየት ይሰጣል፤ ከፓርቲሲፕሉ አጠገብ ሲቀመጥ ግን ድርጊቱ እንዴት ወይም እስከ ምን ድረስ እንደሚፈጸም ይገልጻል። ልዩነቱን በአንድ ቃል ማየት ይቻላል። «ዘ ኔም መስት ክሊርሊ ቢ ሪትን ሂር» ማለት ስሙ እዚህ መጻፍ እንዳለበት ግልጽ ነው ማለት ነው። «ዘ ኔም መስት ቢ ክሊርሊ ሪትን ሂር» ማለት ግን ስሙ በሚነበብ ሁኔታ ይጻፍ ማለት ነው። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግልጽ የሆነው ግዴታው ነው፤ በሁለተኛው ግልጽ እንዲሆን የተፈለገው ጽሕፈቱ ነው። ቅጽ የሚያዘጋጅ ሰው ሁለተኛውን ለማለት ፈልጎ የመጀመሪያውን ቢጽፍ፣ ስሙን በማይነበብ ጽሕፈት የሞላው ሰው መመሪያውን ጥሷል ሊባል አይችልም።

«ዌል» ደግሞ ከዚህም ይብሳል። «ዘ ጆብ ሜይ ዌል ቢ ደን ቱዴይ» ሲባል ሥራው ዛሬ የመሠራቱ ዕድል ሰፊ ነው ማለት ነው፤ ስለ ሥራው ጥራት የተነገረ ነገር የለም። «ዘ ጆብ ሜይ ቢ ዌል ደን» ሲባል ግን ሥራው በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። «ዌል»ን «በደንብ» ብቻ ብሎ የያዘ ተማሪ «ሜይ ዌል» እና «ማይት ዌል» የሚሉትን ባነበበ ቁጥር ይደናገራል፤ ስለዚህ እነዚህን እንደ አንድ ጥምር ቃል ማጥናት ይሻለዋል።

በልማድ ከሞዳሉ ቀጥለው የሚገቡት እርግጠኝነትን የሚመዝኑት «ፕሮባብሊ»፣ «ሰርተንሊ»፣ «ሹርሊ»፣ ድግግሞሽን የሚናገሩት «ኦልዌይስ»፣ «ኦፍን»፣ «ኔቨር»፣ እንዲሁም እንደ «ኦልሶ» ያሉት ናቸው። ከፓርቲሲፕሉ በፊት የሚገቡት እንደ «ኬርፉሊ» እና «ፕሮፐርሊ» ያሉ የሁኔታ ገላጮች፣ እንደ «ፉሊ» እና «ባድሊ» ያሉ የመጠን ገላጮችም ናቸው። ሁለቱም ዓይነቶች በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገናኙ እያንዳንዱ በየቦታው ይቀመጣል፤ «ዘ ፓምፕ ዊል ፕሮባብሊ ቢ ፉሊ ሪፔርድ ቱሞሮው» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ጊዜን የሚነግረው «ቱሞሮው»ም እንደ ወትሮው መጨረሻ ላይ ሆኗል። ረዳት ግሶቹ ሲበዙም ሥርዓቱ ያው ነው፤ «ዘ ፓምፕ ሹድ ኦልሶ ሃቭ ቢን ኬርፉሊ ክሊንድ» ይባላል። አንዳንድ ቃላት ከአንድ በላይ ቦታ ይቀበላሉ፤ «ኩድ ኢዝሊ ሃቭ ቢን አቮይድድ» እና «ኩድ ሃቭ ኢዝሊ ቢን አቮይድድ» ሁለቱም ይሰማሉ፤ ለመደበኛ ጽሑፍ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። «ኬርፉሊ» ግን እንዲህ ዓይነት ነፃነት የለውም፤ «ሹድ ኬርፉሊ ሃቭ ቢን ክሊንድ» የሚለውን የቋንቋው ተወላጅ ሲያነብ መሰናከሉ አይቀርም።

አፍራሽ ዓረፍተ ነገር የራሱ ጣጣ አለው። «ዊል ኖት» ተጨምቆ «ዎንት» ሲሆን፣ «ካን ኖት» ደግሞ «ካንት» ሲሆን፣ እንደ «ፕሮባብሊ» እና «ስቲል» ያሉት ወደ ፊት ይሄዳሉ፤ «ዘ ሌተር ፕሮባብሊ ዎንት ቢ ሴንት» እና «ዘ ዶር ስቲል ካንት ቢ ኦፕንድ» ይባላል። ሳይጨመቅ ሲጻፍ ግን «ዘ ሌተር ዊል ፕሮባብሊ ኖት ቢ ሴንት» ማለት ይቻላል። ከዚህ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው «ኦልዌይስ» ነው። በአማርኛ «ይህ ውጤት ሁልጊዜ ሊታመን አይችልም» ስንል አንዳንዴ የማይታመን ለማለትም፣ ፈጽሞ የማይታመን ለማለትም ሊሆን ይችላል፤ እንደ አነጋገሩ ነው። እንግሊዝኛ ሁለቱን በቃል ይለያቸዋል፤ «ዚስ ሪዛልት ካን ኖት ኦልዌይስ ቢ ትረስትድ» የመጀመሪያውን፣ «ዚስ ሪዛልት ካን ኔቨር ቢ ትረስትድ» ሁለተኛውን ይገልጻል። የአማርኛውን የቃላት ቅደም ተከተል ተከትሎ «ኦልዌይስ ካን ኖት ቢ ትረስትድ» መጻፍ የትኛውንም አያስረዳም። «ኔቨር» ራሱ አፍራሽ ስለሆነም «ኖት» አይታከልበትም።

«ሜይ ኖት ቢ ኦፕንድ» ሌላው አሻሚ ሐረግ ነው፤ እንዳይከፈት ተከልክሏል ማለትም፣ ላይከፈት ይችላል ማለትም ይሆናል። ክልከላውን ለማለት የፈለገ «መስት ኖት ቢ ኦፕንድ»፣ ጥርጣሬውን ለማለት የፈለገ «ማይት ኖት ቢ ኦፕንድ» ቢል ይሻላል። መከፈቱ ግዴታ አለመሆኑን ብቻ ለመግለጽ ደግሞ «ኒድ ኖት ቢ ኦፕንድ» አለ፤ ይህን ከክልከላው ጋር ማምታታት በውልና በመመሪያ ላይ ቀላል ስሕተት አይደለም።

ሞዳልና ተውሳከ ግስ ሲጣመሩ የግምቱ ክብደት ይለወጣል። «ሜይ ዌል ቢ» እና «ኩድ ኢዝሊ ቢ» ዕድሉን ከፍ ያደርጋሉ፤ «ሜይ ፖሲብሊ ቢ» ያለዝበዋል፤ «ካንት ፖሲብሊ ቢ» ደግሞ በሩን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። «ፖሲብሊ» በአዎንታዊ ዓረፍተ ነገር ከ«ካን» ጋር ብዙም አይስማማም፤ እዚያ «ኩድ» ይተካዋል። ጥንቃቄን ከመደራረብ ጋር የሚያምታቱ ጸሐፊዎች በአንድ ግስ ላይ ሁለት ሦስት የጥርጣሬ ቃል ያከማቻሉ፤ ግን አንድ ሞዳልና አንድ ተውሳከ ግስ በቂ ናቸው፤ ከዚያ ያለፈው ጸሐፊው በራሱ ግኝት የማያምን ያስመስለዋል።

ባለቤቱ ራሱ ድርጊቱን የሚፈጽምበትን ዓረፍተ ነገር ወደ ፓሲቭ ስንለውጥ ሞዳሉ ትርጉሙን ይዞ መሻገሩንም ማየት ይገባል። «ዘ ቲቸር ዎንት ሄልፕ ዘ ቦይ» ሲባል እምቢ ያለችው መምህርቷ ልትሆን ትችላለች፤ «ዘ ቦይ ዎንት ቢ ሄልፕድ ባይ ዘ ቲቸር» ሲባል ግን እምቢታው ወደ ልጁ ሊዞር ወይም ጨርሶ ጠፍቶ ተራ የወደፊት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፈቃደኝነትን ወይም ችሎታን የሚናገር ሞዳል ያለበትን ዓረፍተ ነገር ያለ በቂ ምክንያት ወደ ፓሲቭ አለመለወጥ ይመረጣል።

በጥያቄ ውስጥ ባለቤቱ ከሞዳሉ ቀጥሎ ስለሚገባ ተውሳከ ግሱ ከባለቤቱ በኋላ ይሆናል፤ «ካን ዘ ኮቨር ኢዝሊ ቢ ሪሙቭድ?» ይባላል። «ኦንሊ» ግን በመደበኛ ጽሑፍ የተለየ ትኩረት ይሻል። «ዘ ሴፍ ካን ኦንሊ ቢ ኦፕንድ ባይ ዘ ማናጀር» የሚለው በንግግር የተለመደና የማያሳስት ነው፤ የደንብ ወይም የውል አርቃቂ ግን ገደቡ በሰውየው ላይ እንጂ በመክፈቱ ላይ አለመሆኑን ለማስጨበጥ «ዘ ሴፍ ካን ቢ ኦፕንድ ኦንሊ ባይ ዘ ማናጀር» ብሎ «ኦንሊ»ን ከሚገድበው ቃል ጋር ማያያዝ ይኖርበታል።